ያልተያዘ አካል

ምላሷ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ አንዲት የቤተሰብ ሐኪም ነበረች። የቤተሰብ ሐኪሞችም እንደ ሌሎቹ ሥልጠናና የስፔሻሊስት ማዕረግ ይሰጣቸው እያለች በር ስታንኳኳ ከርማ፣ በመጨረሻ ታላላቆቹ ስፔሻሊስቶች የተሰበሰቡበት አዳራሽ ተጠራች።

ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ጎሹ ደረታቸውን ነፍተው አፋጠጧት። «ለመሆኑ የእናንተ አካል የትኛው ነው? ኩላሊት የእኔ ነው። ልብ የዶክተር ዘርይሁን ነው። ዓይንም ጆሮም ባለቤት አላቸው። እስቲ ካልተያዙት አንዱን ጥሪና ማዕረጉን ውሰጂ!»

ሐኪሟ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ብታስብ ባዶ ቦታ አጣች።

«እሺ፣ እምብርትስ?» አለች።

«እሱን እንዳትነኪ!» ብሎ የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እንግዲህ ድርሻ ከሌለሽ ማዕረግም የለሽም፣ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው።

«ልክ ብለዋል፣ ፕሮፌሰር» አለች ቦርሳዋን እያነሣች። «ሕመምተኛውን እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፍላችሁ ጨርሳችሁታል። ቅርጫ የሚከፋፈሉት ግን በሬው ከታረደ በኋላ ነው። እኔ የማክመው ገና በቁሙ ያለውን ነው።»