አልከፈት ያለው ድራይቭ

አንድ ወጣት ነበረ፤ የፈለገውም አንድ ገጽ ካርታ ብቻ ነበር። ስሙ ምንተስኖት ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውሃ ቢሮ የቧንቧ መስመር ካርታዎችን ይይዛል። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነካካ፣ የጻፈውን ቁጥር ሦስቴ የሚያነብ፣ ሦስቴ አንብቦም የሚጠራጠር ዓይነት ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጥገና ፎርማኑ ጋሽ ጓንጉል ደወሉለት።

«ከገበያው በታች ዋናው ቧንቧ ፈንድቷል። ውሃው ቁልቁል እየወረደ ነው፤ ታች ያሉት ደግሞ የጭቃ ቤቶች ናቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ካልቆመ ግድግዳ ይንዳል።»

«ቫልቩን አይዘጉትም?»

«የላይኛው ዝጎ አልዞር ካለ ዓመት አለፈው። የታችኛው ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል። መንገዱን ሁሉ በግምት ስነቅል ልዋል? ካርታው ላይ እይና የት እንዳለ ንገረኝ።»

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አለ ምንተስኖት።

ካርታው ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዲ ድራይቭ በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ነው። ድራይቩን ሊከፍት ሞከረ። «ፈቃድ የለህም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፤ ፈቃድ የለህም። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ፈቃድ የለህም።

ውሃው ያለ ቫልቭ አልቆም አለ፤ ቫልቩ ያለ ካርታ አልገኝ አለ፤ ካርታው ከድራይቩ አልወጣ አለ፤ ድራይቩ ደግሞ ጭራሽ አልከፈት አለ።

ያኔ ትዝ አለው። ባለፈው ሳምንት ሰው በስህተት አንድ ካርታ አጥፍቶበት ነበር። እሱም ዓርብ ዕለት፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ፣ የፈቃድ መስጫውን መስኮት ከፈተ። «ሁሉም» ከሚለው ስም ፊት ለፊት፣ በየመስመሩ፣ «ከልክል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አንድም መስመር እንዳላመለጠው ሁለቴ አረጋገጠና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ኮምፒውተሮቹን የዘረጋው ሽመክት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ደውሎ የሆነውን ነገረው።

«ማንን ነው የከለከልከው?» አለ ሽመክት።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ስትል አንተ የት ሄደህ ነበር?»

«ሌላውን ሰው ሁሉ ማለቴ ነበር።»

«ኮምፒውተሩ እንደዚያ አይገባውም። ሁሉም ካልከው ሁሉም ነው። አይዞህ፣ ካርታዎቹ አልጠፉም። በአድሚን፣ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ገብተህ የድራይቩ ባለቤት ትሆንና ክልከላውን ታነሳለህ።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«ቢሮውን ስለቅ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ካዝና አስገብቼዋለሁ። እኔም ራሴ አላስታውሰውም፤ ሃያ ምልክት ነው።»

«ለምን ሃያ አደረግከው?»

«እንዳንተ ያለ ሰው እንዳይገምተው።»

ውሃው ያለ ቫልቭ አልቆም አለ፤ ቫልቩ ያለ ካርታ አልገኝ አለ፤ ካርታው ከድራይቩ አልወጣ አለ፤ ድራይቩ ያለ አድሚን አልከፈት አለ፤ አድሚኑ ያለ ይለፍ ቃል አልገባ አለ፤ የይለፍ ቃሉ ከፖስታው፣ ፖስታውም ከካዝናው አልወጣ አለ።

ካዝናው ንብረት ክፍል ጥግ ላይ እንደ ግንብ ተገትሯል። ቁልፉ የት እንዳለ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከንብረት ኃላፊዋ ከእትዬ አስካለ አንገት ላይ ነው። እትዬ አስካለ ግን ዛሬ አልገቡም። ስልካቸው ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ምንተስኖትም ለአፍታ ቁጭ አለ። ከዚያ የተናደ ግድግዳ ታየውና ተነሣ። ጥበቃውን ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቀው። «ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱን ወርደህ ስትጨርስ፣ የመጨረሻዋ ቤት» አለው።

ከገበያው ዝቅ ብሎ ጋሽ ጓንጉልና አራት ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ውሃው ከእግራቸው ሥር እየፈለቀ ይወርዳል።

«አምስት ደቂቃህ ገና አላለቀችም?» አሉት ጋሽ ጓንጉል።

ምንተስኖት አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ውሃው ቀድሞት ወረደ፤ እሱም ተከተለው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ታጠፈ፣ በአጥሩ ሥር ሲገባ በበሩ ገባ። ውሃውና ምንተስኖት አንድ ቤት ደረሱ።

እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደፉ ላይ ቆመዋል። በሳፋ ይጨልፋሉ፣ ይደፋሉ፣ ይጨልፋሉ። ከኋላቸው የዓመት እህላቸው በጆንያ ተደርድሯል። ግድግዳው ከሥሩ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ የካዝናውን ቁልፍ ይስጡኝ። የይለፍ ቃሉ ያለው እዚያ ነው።»

«በፊርማ የተረከብኩትን ቁልፍ ላንተ? ካዝናውን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«እሺ እንሂድ።»

«ዓይን የለህም እንዴ? እኔ ሩብ ሰዓት ከዚህ ብለቅ እህሌም ግድግዳዬም አብረው ይሄዳሉ። ውሃው ሲቆም እመጣለሁ።»

«ውሃው እኮ የሚቆመው እርስዎ ሲመጡ ነው።»

«እኔ ደግሞ የምመጣው ውሃው ሲቆም ነው» አሉና ሳፋውን እግሩ ላይ ደፉት።

ውሃው ያለ ቫልቭ አልቆም አለ፤ ቫልቩ ያለ ካርታ አልገኝ አለ፤ ካርታው ከድራይቩ አልወጣ አለ፤ ድራይቩ ያለ አድሚን አልከፈት አለ፤ አድሚኑ ያለ ይለፍ ቃል አልገባ አለ፤ የይለፍ ቃሉ ከፖስታው፣ ፖስታውም ከካዝናው አልወጣ አለ፤ ካዝናው ያለ ቁልፍ አልከፈት አለ፤ ቁልፉ ከእትዬ አስካለ አንገት አልወርድ አለ፤ እትዬ አስካለ ከደፋቸው አልነቃነቅ አሉ፤ ውሃውም አልቆም አለ።

ምንተስኖት ነገሩን በልቡ አንድ በአንድ ሄደበት። የዘለለው ነገር እንዳለ ለማየት ደግሞ ሄደበት። እሱ ብቻውን ሊፈታው የሚችለው ቦታ አልነበረም፤ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ያለው ደግሞ ላይ፣ የፈነዳው ቧንቧ ጋ ነው። ዳገቱን ሮጠ።

«ካርታው የታለ?» አሉ ጋሽ ጓንጉል።

ኮምፒውተሩ ተበላሸ ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። «ድራይቩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይነካው ብዬ ራሴንም ከለከልኩ። አሁን ድራይቩ ያለ አድሚን፣ አድሚኑ ያለ ይለፍ ቃል፣ የይለፍ ቃሉ ያለ ካዝና፣ ካዝናው ያለ ቁልፍ፣ ቁልፉ ያለ እትዬ አስካለ፣ እትዬ አስካለ ደግሞ...»

«በቃ፣ ራሴን አዞርከው። ከእኛ ምን ትፈልጋለህ?»

«የእሳቸውን ቤት ውሃ ጨልፉላቸው።»

«እኛ ቧንቧ ጠጋኞች ነን እንጂ ውሃ ጨላፊ አይደለንም» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ።

«ካርታው ሳይመጣ አትቆፍሩም» አለ ምንተስኖት። ከቆመበትም ንቅንቅ አላለም። «ካርታው ደግሞ እናንተ ሳትጨልፉ አይመጣም።»

ጋሽ ጓንጉል ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዩት። «አምስት ደቂቃ ካልከኝ ሰዓት አልፏል፤ እሷን አልረሳልህም» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ባልዲ አምጡ።»

ባልዲው ሲነሳ እትዬ አስካለ ከደፋቸው ተነቃነቁ። እሳቸው ሲነቃነቁ ቁልፉ ከአንገታቸው ወረደ። ቁልፉ ሲወርድ ካዝናው ተከፈተ። ካዝናው ሲከፈት ፖስታው ወጣ። ፖስታው ሲቀደድ የይለፍ ቃሉ ተነበበ፤ ተነበበ እንጂ አልሠራም። አሥራ አራተኛዋ ምልክት ዜሮ ትሁን የእንግሊዝኛዋ ኦ አይለይም። ዜሮ ብሎ ሞከረ፤ እንቢ። ኦ ብሎ ሞከረ፤ አድሚኑ ገባ።

አድሚኑ ሲገባ ምንተስኖት የድራይቩ ባለቤት ሆነ። ያ የፈቃድ መስጫ መስኮት ተከፈተ። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር።

«ቶሎ በል እንጂ፤ ቤቴ እኮ ነው» አሉ እትዬ አስካለ ከኋላው።

«አንዴ ልይ፣ እትዬ።»

«ዓርብ ዕለት ነበር ማየት።»

አንብቦ ጨረሰና ክልከላውን ከየመስመሩ አነሳ። ድራይቩ ተከፈተ። ድራይቩ ሲከፈት ካርታው ወጣ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከው፤ በዚያም አላመነም፣ ደውሎ አነበበላቸው። «ከመብራት ምሰሶው አራት ሜትር ወደ ወንዙ። ይድገሙልኝ።» ጋሽ ጓንጉል እየተነጫነጩ ደገሙለት። ካርታው ሲደርስ ሁለት ሰዎች ባልዲውን ትተው ዶማ አነሱ። ስምንት ድንጋይ ነቀሉ፤ ስምንት ብቻ። ቫልቩ ተገኘ። ቫልቩ ሲዞር ውሃው ቆመ።

እትዬ አስካለና ምንተስኖት ወደ ቤቱ ሲመለሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግድግዳው እስከ ጉልበት ርሷል፤ ግን ቆሟል። እትዬ አስካለ በመዳፋቸው ዳበሱት። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ነኩ፤ ደረቅ ናቸው። ከዚያ ወለሉን አዩ።

«አሁን ደግሞ ይህ ጭቃ አልወጣ ሊለኝ ነው» አሉ።

ምንተስኖት ሱሪውን ጠቀለለና ከላይ ከወረዱት ከጋሽ ጓንጉል እጅ አካፋ ተቀበለ።

ጭቃው እንቢ አላለም፤ ወጣ።