ጎማው ቋ ባለ ጊዜ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት አባራ።

ሽባባው የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል እንደ ዘር እህል ይቆጥባል፤ ሰላምታው ራስ መነቅነቅ፣ ምስጋናው ጉሮሮ መጥረግ ነው። የዚያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ልጁ አትጠገብ ከመምህራን ኮሌጅ ስትመረቅ ማየት። «አባባ፣ ስሜ ሲጠራ አንተን ልይ፤ እንዳትቀርብኝ» ብላዋለች።

ነጭ ጋቢውን ለብሶ የመንደሩ ሾፌር የባንታየሁ ፒካፕ ላይ ወጣ። ገና ከመንደር ሳይወጡ የፊት ጎማው ቋ! ቋ! ቋ! አለ። ባንታየሁ ፍሬን ያዘ።

«መካኒክ ሳያያት አልነዳም።»

«ንዳ» አለ ሽባባው።

«ጎማው ወልቆ ቀድሞን ቢመረቅስ?»

ሽባባው ወርዶ መካኒኩ ጋሻነው ዘንድ ሄደ። «ና» አለው።

«ወዴት? ለምን? ሰው እንዲህ ይጠራል?»

ሽባባው በረጅሙ ተነፈሰ። «ጎማው ቋ ይላል፤ ባንታየሁ አልነዳም አለ፤ ልጄ ትመረቃለች።»

ጋሻነው መጣ። መኪናዋን ወደፊት ወደኋላ አስነድቶ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ካልተወዘወዘ ምኑም አይታወቅም። መኪና ማንሻ ክሪኬን ደግሞ ለወፍጮ ቤቱ አውሼዋለሁ። ያለ ክሪክ አላይም።»

ሽባባው ባለወፍጮው ቢተው ዘንድ ሄደ። «ክሪክ» አለው።

«ክሪክ ምን ሆነ?»

«ጎማው ቋ ይላል፤ ባንታየሁ አልነዳም አለ፤ ጋሻነው ያለ ክሪክ አላይም አለ፤ ልጄ ትመረቃለች።»

ቢተው ወደ ላይ ጠቆመ። ቋሚው በዝናብ በስብሶ፣ ጣራውን ደግፎ የያዘው ክሪኩ ነው። «ብነሣው ጣራው አናቴ ላይ ነው። ያለ ቋሚ አልሰጥም።»

ሽባባው አናጢው መኳንንት ዘንድ ሄደ። «ቋሚ» አለው።

«ጋሽ ሽባባው፣ ቃል በመርፌ ቀዳዳ ነው እንዴ የሚያወጡት? ለማን? ለምን?»

«ጎማው ቋ ይላል፤ ባንታየሁ አልነዳም አለ፤ ጋሻነው ያለ ክሪክ አላይም አለ፤ ቢተው ያለ ቋሚ አልሰጥም አለ፤ ልጄ ትመረቃለች።»

«ግንዱስ ሞልቷል። መጋዜን እትዬ ጠጅቱ ተውሰው ወስደውታል። ያለ መጋዝ አልቆርጥም።»

ሽባባው ቀጥ አለ። ጠጅቱ የድንበር ጎረቤቱ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ በአጥሯ ሲያልፍ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ያላት ነገር የለም። ፀሐይዋን አየ፤ ከፍ ብላለች። ሄደ።

«መጋዝ» አለና፣ እንደማትለቀው አውቆ ሳይጠየቅ ቀጠለ። «ጎማው ቋ ይላል፤ ባንታየሁ አልነዳም አለ፤ ጋሻነው ያለ ክሪክ አላይም አለ፤ ቢተው ያለ ቋሚ አልሰጥም አለ፤ መኳንንት ያለ መጋዝ አልቆርጥም አለ፤ ልጄ ትመረቃለች።»

ጠጅቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔ ደግሞ ያለ ሰላምታ አልሰጥም።»

ሽባባው ራሱን ነቀነቀ።

«እሱንማ በቅሎህም ትነቀንቃለች። በአፍህ!»

ላብ አጠመቀው። «እንደምን አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላስ?»

«ልጆችሽ ደህና ናቸው? ላሚቱ ወለደች? ጉልበትሽን ተሻለሽ?»

«አፍ አለህ ለካ!» ጠጅቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ መጋዙንም ሰጠችው። «በል ፍጠን። ግን አትጠገብን የሚመርቃት ኮሌጁ ብቻ ነው? አንተስ አትመርቃትም?»

ሽባባው መጋዙን ይዞ ሮጠ።

ከዚያማ ጠጅቱ መጋዙን ሰጠች፤ መጋዙ ግንዱን ቆረጠ፤ ቋሚው ጣራውን ያዘ፤ ክሪኩ መኪናዋን አነሣ፤ ጋሻነው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ጎማው እንደ ሽባባው ራስ ተነቃነቀ። «አገኘሁት! የጎማው ኩሽኔታ ማሰሪያ ዳዶ ላልቷል!» ፈታ፣ ግራሶ ቀባ፣ ዳዶውን አጠበቀ። ባንታየሁ ነዳ፤ ጎማው ዝም አለ።

አትጠገብ ስሟ ሲጠራ ነጭ ጋቢ ከሩቅ አየች። ጥቁር ካባዋን እየጎተተች መጥታ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ዛሬ ግን ሽባባው ቆረጠ። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ መረቃት፦

«ተማሪሽ ይብዛ! ጠመኔሽ አይለቅ! ቃልሽ ይሰማ! መንገድሽም ቋ አይበል!»

«አሜን!» አለ ባንታየሁ፣ ከሁሉ ቀድሞ።