ዶሮ የታቀፈችበት ባዶ ኮንቴይነር

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለበትም፣ በረት የለበትም፤ በር ግን አለበት፣ ያውም አንድ ለእናቱ።

በአንድ ደረቅ ወደብ ወርዶፋ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የጫነው ባዶ ኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነር እንግዳ ነው፤ ዕቃውን ካራገፈ በኋላ በተሰጠው ቀን ከግቢው ወጥቶ ወደ ባሕር መመለስ አለበት፣ ጉምሩክም ቀኑን ይቆጥርበታል። የዚህኛው መውጫ ቀን የሚያልቀው ዛሬ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ደግሞ የወርዶፋ ልጅ የቢፍቱ ሰርግ ነው። ዛሬ ከወጣ ባሕር ደርሶ ይመለሳል። ካልወጣ ልጁን ማን መርቆ ይሸኛት?

መኪናውን በሩ አፍንጫ ሥር ገተረና፣ "ጋሽ በየነ፣ ይክፈቱልኝ!" አለ።

ዘበኛው ጋሽ በየነ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። "ማህተም የታለ? ያለ ማህተም አልከፍትም።"

ከበሩ ውጭ አንድ መኪና ጡሩንባ ይነፋል። ጲ! ጲ! ማን ሰምቶት።

ወርዶፋ ወደ ጉምሩኳ ስመኝ ሮጠ። "እህቴ፣ ማህተም ምቺልኝ! ማህተም ከሌለ በየነ አይከፍት፣ በየነ ካልከፈተ ሰርጉ ያመልጠኛል!"

ስመኝ መጥታ የኮንቴይነሩን ቁጥር አመሳከረች፤ ልክ ነው። መዝጊያውን ከፈተች። "ወይ ጉድ! ወረቀቱ 'ባዶ' ይላል። ይቺስ ምንድን ናት?" ጥግ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ አፍጥጣባታለች። ኮንቴይነሩ ግቢው ውስጥ ተከፍቶ ሲሰነብት ገብታበት ኖሯል፤ ሲጫንም ንቅንቅ አላለችም። "ዶሮ ያለበትን ባዶ ነው ብዬ ማህተም አልመታም!"

ወርዶፋ ዶሮዋን "እሽ!" ቢላት ጣቱን ጠቅ አደረገችው። እየነፋው ወደ ዶሮዋ ባለቤት፣ በግቢው ሻይ ወደምትሸጠው እትዬ አሰለፈች ሮጠ። "እትዬ፣ ዶሮዎን ያንሱልኝ! ዶሮ ካልተነሳች ስመኝ አትመታ፣ ስመኝ ካልመታች በየነ አይከፍት፣ በየነ ካልከፈተ ሰርጉ ያመልጠኛል!"

"አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም? የታቀፈች ዶሮ ሜዳ ላይ ልጥላት? ቅርጫት አለኝ፤ ጭድ አምጣና ላንሳት።"

የግቢውን ቆሻሻ በጋሪ የሚያወጣው ከድር ጭድ አለው። "ወንድሜ ከድር፣ ጭድ ስጠኝ! ጭድ ከሌለ አሰለፈች አታነሳ፣ ዶሮ ካልተነሳች ስመኝ አትመታ፣ ስመኝ ካልመታች በየነ አይከፍት፣ በየነ ካልከፈተ ሰርጉ ያመልጠኛል!"

"ጭዱ የአህያዬ ምሳ ነው" አለ ከድር። "ዛሬ ደግሞ ውሃ አልቀመሰም። ጠምቶትም ተርቦም አላውለውም። ውሃ አምጣ፣ ጭዱን ውሰድ።"

ጲ! ጲ! ጲ!

ወርዶፋ እያለከለከ የውሃ ሮቶው ጠባቂ ጎይቶም ዘንድ ደረሰ። "ጎይቶም፣ ውሃ ስጠኝ! ውሃ ከሌለ አህያው አይጠጣ፣ አህያው ካልጠጣ ከድር ጭድ አይሰጥ፣ ጭድ ከሌለ አሰለፈች አታነሳ፣ ዶሮ ካልተነሳች ስመኝ አትመታ፣ ስመኝ ካልመታች በየነ አይከፍት፣ በየነ ካልከፈተ ሰርጉ ያመልጠኛል!"

ጎይቶም ሮቶውን በጡጫ መታው። ዷ! አለ። "ባዶ።"

ወርዶፋ ራሱን ያዘ። "ባዶ መሆን ያለበት ዶሮ ታቅፎ፣ መሙላት ያለበት ባዶውን ቀረ! የምን ጣጣ ነው?"

"ምን ላድርግ? ውሃ የሚያመጣው ቦቴ በር ላይ ቆሟል። አንድ ግትር ሹፌር መኪናውን መግቢያው ላይ ገትሮ እንዴት ይግባ?"

"የታባቱ! የታለ? አሳየኝ!"

ጎይቶም በጣቱ አሳየው። የወርዶፋ መኪና ነበረች።

እንግዲህ ሹፌር ተራውን ይዞ በር ከደረሰ በኋላ ሞቶ ነው የሚነሳው። ከኋላው ሰባት መኪና ተሰልፏል። ዞር ካለ ተራው ይሄዳል፣ ተራው ከሄደ አሥራ አንድ ሰዓት ያልፋል። ወርዶፋ ፈራ፤ ቢፍቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። "ለነገሩ ቆሜስ መቼ ወጣሁ?" አለና መኪናውን ወደ ዳር አወጣው። ከኋላው ያለው ሹፌር አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ ሳቀ። "አይዞህ፣ ተራህን የሚነካ የለም። ውሃው ለኛም ነው!"

መኪናው ዞር አለ፣ ቦቴው ገባ፣ ሮቶው ሞላ፣ አህያው ጠጣ፣ ከድር ጭድ ሰጠ፣ አሰለፈች ጎዘጎዘች፣ ዶሮዋ እየተነጫነጨች ተነሳች። ስመኝ ጥጋጥጉን ሁሉ አየችና ማህተሙን ቸብ አደረገች፤ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ላይ በየነ በሩን ከፈተ።

ወርዶፋ ለእሑድ ደረሰ። መረቀም፣ አለቀሰም። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ መንገዱ በመኪና ተዘጋና ሰው ሁሉ "የማን መኪና ነው? የታባቱ!" እያለ ይጮህ ጀመር። ወርዶፋ ግን አልጮኸም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ራሱ መኪና ሄደ።

እውነትም የሱ ነበረች።

ይቺም ተረት እንደ ኮንቴይነሩ እንግዳ ናት፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ፣ ዶሮ ሳታስገቡባት።