ወንበር ላይ የቀረ ኮት

የመዝገብ ቤታችን ያረጀ ፕሮግራም አንድ ሰው የከፈተውን ፋይል ሳይዘጋ ከሄደ ሌሎቹን ሁሉ ይቆልፍና ቀጥ ይላል። እኔ ሊቅ ነኝ ባዩ የኮምፒውተር ጠጋኝ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመድ ስነቅልና ስሰካ ከረምኩ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምመላሽ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ «ፋይል ከፍቶ የሚጠፋውን ሰው ስሙን አሁኑኑ ተናገር፤ አለዚያ ነገ እንዳትመጣ!» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ የሞኙ ነው» አልኩ። «የሁሉንም ኮምፒውተር ስፈትሽ የእርስዎን ብቻ አለፍኩት። ፋይሉ ተከፍቶ፣ ኮትዎ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ሳይ፣ ‹አሉ፣ ሥራ ላይ ናቸው› እያልኩ ከበር ላይ እጅ ነስቼ እመለስ ነበር። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጅ የነሳሁት ለኮት ነው።»