የደብሪቱ እሳት

ድሮ ነው። እናንተ ቀን ጥላው ሥር የምትሰበሰቡበት ያ የደጁ ወይራ ገና በወፍ ሆድ ውስጥ ፍሬ ሳለ ነው። ያኔ እኔ አልነበርሁም፣ አባቴም አልነበረም፤ ነገሩ ግን ነበረ። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ። የጨመርሁት ካለ ምላሴ ነው፣ የቀነስሁት ካለ እርጅናዬ ነው።

በዚችው በእኛ በዝግባ አፋፍ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት፣ ከሰው ማሳ ኩበት ለቅማ እየሸጠች የምታድር ደሃ ናት። መልኳን የሚያስታውስ የለም። ድምፅዋን የሚያስታውስ የለም። ስሟ ግን እስከ ዛሬ በየደጁ ይነሳል። በዚያ ዘመን ሹም ነኝ ብሎ ሲንጎራደድ የነበረውን ሁሉ ማን ያነሳዋል?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመኝታው እንጀምር። የዝግባ አፋፍ ሰው መኝታው ሥርዓት ነበረው። መደቡ ከግድግዳው ተጠግቶ ይሠራል፤ ቁርበት ይነጠፍበታል። ራስጌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እግሩን ወደ ታቦት የሚዘረጋ ባለጌ የለም። ሚስት በግድግዳው በኩል ትተኛለች፣ ባል በዳር በኩል ይተኛል። "ዳር ለወንድ፣ ግድግዳ ለሴት" ይላሉ። ጅብ ቢገባ፣ ሌባ ቢገባ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ወንዱን ነው። ይህ ደግ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። ሚስት ወደ ግድግዳው አትዞርም። ከዞረች ለባሏ ጀርባ ሰጠች ይባላል። ጀርባ የሰጠች ሴት ትዳሯን ጠልታለች፤ ሽማግሌ ይቀመጥባታል። ግድግዳው ደግሞ በግራ ጎን በኩል መዋሉ ነገሩን አባሰው። "በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎቹ ናቸው" እያሉ ያስፈራሯታል።

ያላረገዘች ሴት እንዴትም ትተኛ፤ ሲሠራ የዋለ ገላ ድንጋይ ላይም ይተኛል። ሆዷ የገፋ ሴት ግን ወዴት ትዙር? በጀርባዋ ብትንጋለል ትንፋሿ ያጥራል። በቀኝ ጎኗ ብትሆን ደረቷን ያቃጥላታል። በሆዷ አትተኛ ነገር። ወደ ግራዋ እንዳትዞር ነውሩ አለ። ስለዚህ የዝግባ አፋፍ ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠው ያነጉ ነበር። ቀን ደግሞ እንቅልፋቸውን ከእንስራው ጋር አዝለው ውሃ ይወርዱ ነበር። ባሎቹስ? ባሎቹማ ያንኮራፋሉ።

ደብሪቱ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ትርንጎ ትባላለች። ጎንጤ ለሚባል ጎበዝ ዳረቻት። ትርንጎ አረገዘች። ሆዷ ሲገፋ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ወግ ነውና ወደ እናቷ መጣች። በእናቷ ቤት ባል የለ፣ ሽማግሌ የለ። የመጣች ዕለት ወደ ግራዋ ዞረች፣ ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ተኛች። ደብሪቱ ኩበት ለቀማዋን ትታ ልጇ ስትተኛ ስታይ ዋለች። እንዲህ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም። በዚያው ሰሞን ለሚወለደው ልጅ አንቀልባ ሰፋች፤ ቆዳውን በቅቤ እያሸች አለሰለሰችው።

ጎንጤ ለበዓል ሚስቱን ሊጠይቅ መጣ፤ አደረ። ደብሪቱ መደቡን ለሁለቱ ለቃ ከምድጃው ሥር ተኛች። ትርንጎ በእንቅልፍ ልቧ ወደ ግራዋ ዞረች። ሲነጋ ጎንጤ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጅ ቆመ።

"እናቴ፣ ልጅዎ ጀርባ ሰጥታኛለች" አለ። "ከጠላችኝ ትንገረኝ። ካልጠላችኝ ቤቷ ትግባ።"

ደብሪቱ ደነገጠች። የደሃ ልጅ ተፈትታ ማን ያገባታል? የልጅ ልጇስ ያለ አባት ሊያድግ ነው?

"ኧረ አልጠላችህም ልጄ፣ ስለ ማርያም!" አለችው። ሮጣ ገብታ ትርንጎን ቀሰቀሰቻት። ነጠላዋን አለበሰቻት። "ሂጂ ልጄ፤ ባልሽን ጀርባ አትስጪ" አለቻት።

ትርንጎ አልተከራከረችም። "እማዬ፣ ትንሽ ልተኛ" አለች። እናቷም ደጅ ድረስ አውጥታ ሸኘቻት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ትርንጎ ባሏ ቤት ገብታ፣ ፊቷን ወደ ባሏ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትከድን ሰነበተች። አንድ ቀን እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ በሚወስደው ገደል ስትወርድ እንደቆመች አንቀላፋች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች እግሯ አልሳተም፣ እንቅልፍ ነው የወሰዳት ብለው ተናገሩ። እሷም ልጁም ከዚያ ገደል በሕይወት አልወጡም።

ደብሪቱ ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ነጨች። ለቀስተኛው "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ጎንጤም ውሎ አድሮ ሌላ አገባ። ደብሪቱን ግን ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጎኗን ባሳረፈች ቁጥር "እማዬ፣ ትንሽ ልተኛ" የሚለው ቃል ይመጣባታል። ከልጇ የወረሰችው ይህንኑ እንቅልፍ ማጣት ነው። አንቀልባውም ባዶውን ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያያታል።

ጊዜ አለፈ። የጎረቤቷ የቸሬ ሚስት ብርቄ አረገዘች፤ ሆዷ ገፋ። አንድ ቀን ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ ብታይ ብርቄ ከሙቀጫው አጠገብ፣ ዘነዘናውን ወደ ላይ እንዳነሳች አንቀላፍታለች። ደብሪቱ ከአጥሩ ዞር አለች። ቤቷ ገባችና ያንን ማንም ያልታዘለበትን አንቀልባ አወረደች። ከገበያ ለምና ባመጣችው ለስላሳ የጤፍ ጭድ ሞላችው፤ ዙሪያውን ሰፋችው። ወስዳም ለብርቄ ሰጠቻት።

"ሆድሽን አስደግፊበት" አለቻት። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች። "ልጄ ቸሬ፣ ዳሩን ልቀቅላት። አንተ ግድግዳውን ያዝ፣ እሷ ዳር ትውጣ። ያን ጊዜ በግራ ጎኗ ብትተኛ ፊቷ ወዳንተ ነው። ጀርባም አልሰጠችህ፣ አንተም አልተዋረድህ።"

ቸሬ ግራ ገባው። አሰበ፣ አሰበና ሳቀ። "ሚስቱን ለጅብ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ልባል? ጅብ የመጣ እንደሆነስ?"

"ጅቡን እኔ እጠብቅልሃለሁ።"

"አንቱ?"

"እኔ። እኔ እንደሆንሁ አልተኛም።"

አላመናትም። እሷ ግን ሲመሽ በገል ፍም ይዛ መጣች፤ ኩበቷን ጨምራ ከደጁ ተቀመጠች። ክረምት ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጢሱ ዓይኗን ይለበልባታል፣ እሷ ተቀምጣለች። ቸሬ አፍሮ ይሁን ሰልችቶት እንጃ፣ ዳሩን ለቀቀ። ብርቄ አንቀልባውን አቅፋ ወደ ግራዋ ዞረችና እስኪነጋ ተኛች። እስክትወልድ ድረስ ደብሪቱ ከዚያ ደጅ አልጠፋችም። ብርቄ በሰላም ስትገላገል ዕልልታውን ከውጭ ሰማች። ገሏን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ የአራስ ገንፎ እንኳ አልቀመሰችም።

ከዚያ ሌላዋ ጠራቻት። ከዚያም ሌላዋ። አንቀልባው ከመደብ መደብ ዞረ፤ ደብሪቱም ከደጅ ደጅ ዞረች። ቀን ኩበት ትለቅማለች፣ ሲመሽ ደጅ ትጠብቃለች። በዝግባ አፋፍ ነፍሰ ጡር ሁሉ ሲተኛ እሷ ብቻ አልተኛችም።

ሰው ግን መቼ ዝም ይላል! የአንዱን ሰው ጥጃ ጅብ በላበት። ደብሪቱ ከነበረችበት ደጅ አይደለም፤ ከወዲያኛው ጎጥ ነው። ቢሆንም "ወንዱ ዳሩን ሲለቅ ጅቡ ደፈረን" ተባለ። "ያቺ ኩበት ለቃሚ ወንዱን ከግድግዳ አጣብቃ፣ ሴቱን ዳር አውጥታ አገር አጠፋች" ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ከሸንጎ ተሰበሰበ። ሸንጎውን የጠራው የመንደሩ ጭቃ ሹም ነው። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ስሙ ጠፍቷል።

"ምን ትያለሽ?" አላት።

ደብሪቱ በሸንጎ ፊት ቆማ አታውቅም። "ልጄ ትንሽ ልተኛ ብላኝ ነበር" አለች። ለሰሚው ግራ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጭቃ ሹሙም "ከእንግዲህ በሰው ደጅ እሳት እንዳታነጂ፤ ጢስሽ በሰው ደጅ ከታየ ከአገር ትወጫለሽ" ብሎ ፈረደ። ባሎቹም ተመልሰው ዳራቸውን ያዙ። ብርቄ ከዳር ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ለመናገር ግን አልደፈረችም። ደብሪቱ ፍርዱን ተቀብላ አንቀልባዋን ይዛ ቤቷ ገባች።

ብዙ ሳይቆይ የጭቃ ሹሙ ሚስት የሻረግ አረገዘች። ልጅ ሳያዩ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ጭቃ ሹሙ በደስታ የሚይዘውን አጣ። ቀኗ ሲቀርብ ግን የሻረግም እንደ ሌላው ሴት እንቅልፍ አጣች። ሰውየው ቆንቋና ነበርና ገረድ አላቆመላትም፤ ውሃ ራሷ ትወርዳለች። ደብሪቱ ኩበቷን ስትለቅም ቀና ብትል የሻረግ እንስራዋን አዝላ ስትወርድ አየቻት። ዓይኗ ተከድኗል፣ እግሯ ይሄዳል። ያው መንገድ ነው። ያው ገደል ነው። ደብሪቱ ኩበቷን በትና ሮጠች፣ ደረሰችባት፣ ክንዷን ያዘቻት።

የሻረግ ነቃች። ገደሉን አየችና ማልቀስ ጀመረች። "እናቴ፣ ትንሽ ልተኛ" አለቻት።

ያን ቃል ደብሪቱ አንዴ ሰምታ እምቢ ብላዋለች። ሁለተኛ እምቢ አትልም።

ሲመሽ አንቀልባዋን ይዛ ከጭቃ ሹሙ አጥር ቆመች። "ጌታዬ፣ ዳሩን ይልቀቁላት" አለች። "ደጁን እኔ እይዛለሁ። እሳት አላነድም፤ ጢሴን ማንም አያየውም።"

ጭቃ ሹሙ እሺም እምቢም አላለ። ራሱ የፈረደውን ራሱ እንዴት ያፍርስ? የሻረግ ግን ወጥታ አንቀልባውን ተቀበለቻት። ኩራዙ ሲጠፋ ጭቃ ሹሙ ማንም ሳያየው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። የሻረግ ዳር ወጣች፤ ፊቷን ወደ ባሏ አድርጋ በግራ ጎኗ ተኛች። በማግስቱም ተኛች። ፊቷ ወዛ፣ እህል በላች፣ ሳቀች። ጭቃ ሹሙ ደስ አለው። ደጅ ያለችውን ግን ግቢ አላላትም። አንድ ፍም አላወጣላትም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ይህ "ሰው ምን ይለኛል" የሚሉት ነገር ስንቱን ፈጀ!

ከዚያ የታኅሣሥ ውርጭ መጣ። ታውቁታላችሁ የእኛን አገር ውርጭ፤ ውሃ በእንስራ ውስጥ ይረጋል። ደብሪቱ ያለ እሳት ከበሩ ተደግፋ ተቀመጠች። ምን እንዳሰበች ማንም አያውቅም። የሚመስለኝን ግን ልንገራችሁ፤ ከበሩ ኋላ የሻረግን ትንፋሽ ትሰማ ነበር። እንቅልፍ የጠገበች ነፍሰ ጡር ትንፋሽ ነው። የልጇ መስሏት ይሆናል። "ተኚ ልጄ" ሳትል አትቀርም።

ሲነጋ ጭቃ ሹሙ በሩን ወደ ውስጥ ሳበው። ደብሪቱ ከእግሩ ሥር ጋደል አለች። በግራ ጎኗ ነው፤ ጉልበቷን ሰብስባለች። የተኛች መሰለው። ሊቀሰቅሳት ጎንበስ ብሎ ቢነካት ገላዋ ደርቋል። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዞር ቢል የሻረግ ከመደቡ ዳር አሁንም ተኝታለች። ያን ጊዜ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰና ያለ ድምፅ አለቀሰ። ያ ያገር ሹም በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሚስቱን እንዳይቀሰቅስ እየፈራ አለቀሰ።

የሻረግም ቀኗ ደርሶ ሴት ልጅ ወለደች። አንቀልባውን ተረተሩት፣ ጭዱን አራገፉት፣ ሕፃኗን አዘሉበት።

ከዚያ ወዲህ በዝግባ አፋፍ ሴት አረገዘች አይባልም፤ "ዳር ወጣች" ይባላል። ባልየው ማንም ሳይነግረው ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ሰው ሲያገኘው ከሰላምታው ቀጥሎ "ዳሩን ለቀቅህ?" ይለዋል። ሲመሽም በገል ፍም አድርጎ ከደጅ ያወጣል። ጅቡ ካለቀ፣ በሩ ቆርቆሮ ከሆነ ወዲህም ያወጣል። ለማን ነው ብትሉት "የደብሪቱ እሳት ነው" ይላችኋል። አርፍዶ የመጣ እሳት ነው፤ ማንንም አያሞቅም። በሕይወት ሳለች የነፈግናትን ነው ዛሬ የምንሰጣት። ሰው እንዲህ ነን።

ነፍሰ ጡሯ ጎኗን ስታሳርፍ ባሏ "ተኚ" ይላታል። እሷም "ደብሪቱም ትተኛ" ብላ ትመልሳለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች።

እኔ ያወረስኋችሁ ይህን ነው። በሉ ተነሱ፤ ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ከደጅ ያለውንም ፍም እንዳትረግጡት፤ ምራቴ ዳር ወጥታለች።