ጃርት ራስና የጭቃ ሹሙ ምላስ

ተረት ተረት ስል «እህ» በሉ። «እህ» የማይል ካለ ተረቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ እተኛለሁ። ጎሽ። እንዲህ ነው እንጂ።

ድሮ ድሮ፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት ደጋ አገር፣ እመት ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት ሁለት ነገር ነው፤ አንዲት ጎጆና የበሬ ግንባር የምታህል መሬት። በዚያች መሬት ላይ ጃርት ራስ የሚሉት አበባ ታበቅላለች። መሐሉ እንደ ጃርት ጀርባ የቆመ ነው፤ ዙሪያውን ሐምራዊ አበባው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሲያዩት የተቆጣ ይመስላል፤ ግን ደግ አበባ ነው።

ጉንፋን የያዘው ይመጣል፤ ቅጠሉን አፍልታ ታጠጣዋለች። ቁስል ያመረቀዘበት ይመጣል፤ ወቅጣ ታስርለታለች። ጥርሱን ያመመው ይመጣል፤ ሥሩን ታስነክሰውና «እዚህ ቁጭ በል፤ ዝም በል» ትለዋለች። ለምን ዝም እንደምታሰኘው በኋላ ታያላችሁ። ጎመን ላመጣ ጎመኑን፣ ምርቃት ላመጣ ምርቃቱን ትቀበላለች።

ከአጥሯ ማዶ ጭቃ ሹም አጥናፌ ይኖራል። የመንደሩ ሹም እሱ ነው። ሰፊ እርሻ አለው፤ ዓይኑ ግን ከዚያች ከበሬ ግንባር ላይ አይነሳም። ጥርሱ እንደ በቅሎ ጥርስ ጤነኛ ስለሆነ የትርንጎን ደጅ ረግጦ አያውቅም። በሙግት የሚረታው ሰው አልነበረም። ብዙ ከመዋሸቱ የተነሣ ግን ማንንም አያምንም። «ነጋ» ቢሉት እንኳ ወጥቶ ሰማዩን ሳያይ አያምንም።

አንድ ቀን በሬዎቹን ጠምዶ የትርንጎን ጓሮ ከነአበባው ገለበጠው። ከዚያም እሷን ቀድሞ ንጉሥ ዘንድ ሄዶ ከሰሳት።

«ጃንሆይ፣ መሬቱ የአባቶቼ ነው። ጃርት ራስም እስከ ሰባት ትውልድ የዘር ማንዘሬ መድኃኒት ነው። ይህቺ ሴት ሰርቃኝ ነው።»

ትርንጎ ተጠራች። በእጇ የቀረው ለዘር ያስቀመጠችው ጥቂት ደረቅ የአበባ ራስ ብቻ ነበር።

ንጉሡ አሰበና ፈረደ። «የመድኃኒቱ ባለቤት ዘሩን ማብቀል አያቅተውም። ዘሩን እኩል ተካፈሉ። ሁለት ክረምት ሰጥቻችኋለሁ። አበባውን ይዞ ለመጣ መሬቱን እፈርድለታለሁ።»

ለጭቃ ሹሙ ይህ ጨዋታ ነው። ለትርንጎ ግን ከተረታች ጎጆዋን ጥላ መሰደድ ነው። አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ዘሯን ይዛ ገባች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ አገር መድኃኒት አዋቂ መድኃኒቱን አይናገርም። ቢጠይቁት ሥሩን ቅጠል፣ ግራውን ቀኝ ብሎ ያሳስታል። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ጭቃ ሹም አጥናፌም ያውቃል።

ኅዳር ላይ አጥሩን ተደግፎ ጠየቃት። «አንቺ ሴት፣ ዘሩን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ጌታው፣ በእርጥብ አሸዋ ለውሰው ደጅ ያኑሩት። ውርጭ ይምታው። ብርድ ያልቀመሰ ዘር አይነቃም።»

ጭቃ ሹሙ በሆዱ ሳቀ። «ዘሬን በውርጭ ልታስፈጅ!» አለ። ቤቱ ገባ፤ ዘሩን በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ ከምድጃው ጎን አስተኛው። ዘሩ ሲሞቀው ከረመ፤ ጋቢ የሌለው ጭቃ ሹም ሲያስነጥስ ከረመ።

ሚስቱ እንኮዬ ግን ጥርሷን የሚያማት፣ የትርንጎን ደጅ የምታውቅ ሴት ነበረች። ከዘሩ ቆንጠር አድርጋ ወስዳ፣ ትርንጎ እንዳለችው በአሸዋ ለውሳ ደጅ አኖረች። ለባሏም አልነገረችውም። ብትነግረውስ መች ያምናል?

ሰኔ ሲገባ ሁለተኛ መጣ። «አንቺ ሴት፣ ምን ያህል ጥልቅ ልቅበረው?»

«ጌታው፣ አይቅበሩት። አፈሩን አለስልሰው ላዩ ላይ ይበትኑት። ከዚያ በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት፤ ይበቃዋል። ብርሃን ይወዳል።»

«ለወፍ ልታስለቅመው!» አለና ሄደ። እስከ ክንዱ ቆፈረ፤ ዘሩን ጨመረ፤ አፈር መለሰበት፤ ረገጠው፤ ወፍ እንዳይደርስበት ብሎ ድንጋይ ጫነበት። ዘሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እንኮዬ የእሷን ከጓሮ በትና በመዳፏ ጫን አደረገች። ሦስት ችግኝ በቀለላት።

የትርንጎ ጎረቤቶች ተቆጡ። «እመት፣ ምነው ምስጢርሽን ለጠላትሽ ትዘከዝኪያለሽ?»

«እውነቱን ብደብቀው ፈልጎ ያገኘዋል» አለች ትርንጎ። «ብነግረው ግን መቼም አያገኘውም።»

መስከረም ላይ ጭቃ ሹሙ የሚስቱን ሦስት ችግኝ ከጓሮው አየ። የእሱ ዘር ከድንጋዩ ሥር ሾልኮ የወጣ መሰለው። ደስ አለው። ጠጋ ብሎ ቢያይ ቅጠል ብቻ ነው። ሦስተኛ ወደ አጥሩ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ አበባው የታለ?»

«ጌታው፣ የመጀመሪያ ዓመት ቅጠል ብቻ ነው። ሥሩን እያደላደለ ነው። አበባው ለከርሞ ነው። እንዳይነቅሉት ብቻ።»

«ዓመት ሙሉ አረም ልታስጠብቀኝ!» አለና ሦስቱንም ከነሥራቸው ነቀላቸው። እንኮዬ ከኋላው መጣች። ሥሩን ለቅማ አጠበችና ከጣሪያው ሰቅላ አደረቀችው።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የትርንጎ ጃርት ራስ አበበ። በማሰሮ ከነአፈሩ ተክላ ታቅፋው ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

ጭቃ ሹሙ አበባ የለውም። «አበባ ባይኖረኝ አፍ አለኝ» አለ። «ከጓሮዬ ሰርቃኝ ነው» ሊል አስቧል፤ ቢል ደግሞ ያሳምናል፤ ስንቱን አሳምኗል። ለምስክር እንዲሆነው ከጣሪያው አንዱን ሥር መዝዞ ወጣ። ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ከትርንጎ ጋር ተገናኙ።

«አንቺ ሴት፣ ይህ ሥር ለምን ይሆናል?»

«ለጥርስ ሕመም ነው ጌታው። ሊናገሩ ሲሉ ግን እንዳያኝኩት፤ ምላስ ያደነዝዛል። ሦስቱን ነግሬዎታለሁ፤ ይቺ ምራቂ ናት።»

በዚያ ዘመን ተሟጋች ሁሉ ዳኛ ፊት ሞገስ የሚሰጥ ሥር ፍለጋ ሲማስን ይኖር ነበር። ጭቃ ሹሙ ዓይኑ በራ። «ለካ የሙግት መድኃኒት ነው! አታኝክ ካለችኝ ማኘክ ነው» አለ። ቅንጣት ሳያስቀር ቆረጣጥሞ ዋጠው።

ችሎቱ ተሰየመ። ትርንጎ ማሰሮዋን አስቀመጠችና እጅ ነሣች። ጭቃ ሹሙ ኩታውን አጣፋ፤ ጎሮሮውን ጠረገ፤ አንድ እግሩን ወደፊት አስቀደመ። ትርንጎ ማሰሮዋን ወደ ራሷ ሳበች፤ አፉን ታውቀዋለችና።

«ዣ... ዣዎ...» አለ ጭቃ ሹሙ።

ንጉሡ ጆሮውን አዘነበለ። «ምን አለ?»

«ዣዎይ፣ ያዋዋው... ዋዬቤ... እዬ...»

ለሐጩ በጢሙ ወረደ። ምላሱን በጣቱ ይዞ ፈተሸው፤ አለ፤ ግን የሌላ ሰው ምላስ ሆኖበታል። መኳንንቱ በኩታቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እመት፣ ይህ ሰው ምን ሆኗል?» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ የጃርት ራስ ሥር አኝኮ ነው። ለጥርስ ሕመምተኛ የምሰጠው ነው። እስኪለቀው ይታገሡት።»

ንጉሡ ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። «እስከ ሰባት ትውልድ የዘር ማንዘሬ መድኃኒት ነው ብለኸኝ ነበር። ከሰባቱ ትውልድ ምላስ እንደሚያደነዝዝ የነገረህ አንድ አባት አጣህ?»

ጭቃ ሹሙ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወጣው «ዋዋ» ብቻ ነው።

መሬቱ ለትርንጎ ተፈረደ። ለጭቃ ሹሙም ሦስት ክረምት በጓሮዋ እንዲሠራ ተፈረደበት፤ ያለችውን ብቻ ሊያደርግ፣ ያላለችውን ላያደርግ። ንጉሡም የቆየ የጥርስ ሕመም ነበረበትና ከትርንጎ ተክል ሥር ቁራጭ ለምኖ ነከሰ። ስለዚህ የዚያን ቀን ችሎት በጊዜ ተነሣ።

ወደ ማታ፣ መንገድ ላይ፣ የጭቃ ሹሙ ምላስ ተመለሰ። መጀመሪያ ያወጣው ቃል ይህ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ለምን አልዋሸሽኝም?»

ትርንጎ ማሰሮዋን ካንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ዘሩን ያጠፉት እኔን ሳያምኑ ነው ጌታው። እኔማ አራት ጊዜ ነግሬዎት ነበር።»

ለዚህ ነው አባቶቻችን «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» የሚሉት። ተረቴ እዚህ ላይ አበበ፤ ዘሩን እናንተ ልቀሙ። እኔም ምላሴ ሳይደነዝዝ ልረፍ።