የአራስ ገንፎ ቀማኛው ጭራቅ

ተረት ላውራላችሁ? እንግዲያው ፈሪ ካለ ከአሁኑ ወደ እናቱ ጠጋ ይበል።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ጭራቅ በጠራራ ፀሐይ በሚዞርበት ዘመን፣ እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ለንግድ ቆላ እንደወረደ እናቷ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የወለደች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እልል እያለ መጣ፤ ገንፎውን ዙሪያውን ከቦ በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ መርቆ ሄደ። በማግስቱ ዝር ያለ የለም። ቤት የቀረው ለሦስት ቀን የሚሆን የበቆሎ ዱቄት፣ ትንሽ ቅቤና ትንሽ አይብ ነው። እናትየው ካልበላች ወተት የላትም፤ ወተት ከሌላት ሕፃኑ አይተርፍም።

እንጉዳይ ውሃ ጣደች። ውሃው ሲንተከተክ ዱቄቱን በተን፣ በማማሰያ አሸት፤ በተን፣ አሸት። ገንፎውን ገበቴ ላይ ገልብጣ መሀሉን ጎድጎድ አደረገችና የፈላ ቅቤ ሞላችበት። ይኼኔ በሩ ተበረገደ። ጭራቅ ነው! ጥርሱ ማረሻ ያህላል፣ ጠጉሩ መሬት ይጠርጋል።

«ገንፎው ወይስ ሕፃኑ?» አለ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ድረሱልን!» ብላ እንጉዳይ ጎረቤቷን ተጣራች።

«እጄ ሊጥ ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ደብሪቱ ከአጥሩ ማዶ።

ምን ታድርግ? ገንፎውን ሰጠችው። ጭራቁ ግን ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ጣቱን ቅቤው ውስጥ ነከረ፤ ፈጀው። ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ነከረ፤ በርዷል። ከዚያ ያንን ሁሉ ገንፎ ባንዴ ዋጠና «ነገም እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እናትየው ጦሟን አደረች።

በሁለተኛው ቀን በተን፣ አሸት፤ በተን፣ አሸት። በሩ ተበረገደ።

«ገንፎው ወይስ ሕፃኑ?»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ድረሱልን!»

«እሳቴ ይጠፋብኛል፣ ልጄ።»

ጣቱን ነከረ፣ ፈጀው፤ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በረደለት፤ ዋጠው። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቃተው፤ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ሰለለ።

በሦስተኛው ቀን እንጉዳይ የመጨረሻውን ዱቄት እያየች አለቀሰች። ከዚያ ንድድ አላት። «ይኼ ጉደኛ የሚያምነው ጣቱን ነው» አለች በልቧ። በተን፣ አሸት፤ በተን፣ አሸት። ግማሹን ገንፎ ድስቱ ውስጥ ደበቀች። በግማሹ መሀል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ቅቤውን እስኪንጣጣ አፍልታ ሞላችበት። ከላዩ ቀዝቃዛውን አይብ ወፈር አድርጋ ከደነችበት። በሩ ተበረገደ።

«ገንፎው ወይስ ሕፃኑ?»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ድረሱልን!»

ከአጥሩ ማዶ የተሰማው በር ሲቀረቀር ብቻ ነው። ከጭራቁ ጥርስ ይልቅ ያ ድምፅ አንጀቷን ቆረጠው።

ጭራቁ ጣቱን አይቡ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። «ጎሽ፣ ዛሬስ አብርደሽ ጠበቅሽኝ» አለና ባንዴ ዋጠው። የፈላው ቅቤ ጉሮሮው ውስጥ ፈሰሰ። ገንፎ ደግሞ ሲያቃጥል ይጣበቃል፤ አይተፉት፣ አይውጡት። ጭራቁ እየተንፈራገጠ ወደ ደጅ ወጣ፣ ተደፋ፣ ሞተ።

እናትየው የተደበቀውን ገንፎ በላች። ማታውን ወተቷ መጣ፣ ሕፃኑም ጠባ፤ ቤቱ እንደገና ቤት ሆነ።

በነጋታው ያ ሁሉ ጎረቤት እልል እያለ ደረሰ። ከፊት እትዬ ደብሪቱ ናቸው፣ ዱቄትና ቅቤ ይዘው። «የኛ ጀግና! እኔ እኮ ልመጣ ስል ነው...» አሉ።

«እትዬ፣ ትናንት ባዶ እጅዎን ቢመጡ ይሻለን ነበር» አለች እንጉዳይ።

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን ደፉ። እንጉዳይ ዱቄቱን ተቀበለች፤ እናቷ አራስ ናትና ምን አማራጭ አላት? ከዚያ ወዲያ ግን፣ ቢከፋትም ቢጨንቃትም፣ የእሳቸውን ስም ጠርታ አታውቅም።

ተረቴን መልሱ፣ ጎረቤት ሲጣራ ድረሱ።